ጓደኛው የጠፋ ጉትቻና የተበጠሰ ሀብል፦ ሳይረግፍ ፍሬም ላይ እንዴት ይሰራል

ሰው ሁሌ የሚጠይቀኝ አንድ ነገር ነው። «በድሮ ጌጥ ያስጌጥኩት ፍሬም በጣም አምሮልኝ ነበር፣ ሰቅዬው ሁለት ሳምንት ሳይሞላው ግን ሉሉም ፈርጡም አንድ በአንድ እየረገፈ አለቀ፣ አንቺ ምን ማጣበቂያ ነው የምትጠቀሚው?» ይሉኛል። የማጣበቂያውንም እነግራችኋለሁ፣ ግን ብዙውን ጊዜ ስህተቱ የሚሰራው ማጣበቂያው ገና ሳይከፈት ነው፣ ስለዚህ ከመጀመሪያው ልጀምርና አንዴ በደንብ ላስረዳችሁ።

የረገፈባችሁ ካለ ከመጣላችሁ በፊት ጀርባውን ገልብጣችሁ እዩት፣ ምን እንደተበላሸ እዛው ላይ ይታያል።

- የፍሬሙ ቀለም ከማጣበቂያው ጋር አብሮ ተልጦ ከመጣ ማጣበቂያው በደንብ ይዟል፣ እንጨቱን የለቀቀው ቀለሙ ነው። (ደረጃ 4)
- ማጣበቂያው ፍሬሙ ላይ ቀርቶ የጌጡ ጀርባ ንጹህ ሆኖ ከወደቀ፣ ብረቱ ቅባት ነበረው ወይ በጣም ለስላሳ ነበር። (ደረጃ 2 እና 3)
- ማጣበቂያው ለሁለት ተከፍሎ ግማሹ ጌጡ ላይ ግማሹ ፍሬሙ ላይ ከቀረ፣ ሳይደርቅ ተሰቅሏል ወይም ለዛ ክብደት የማይሆን ማጣበቂያ ነው። (ደረጃ 6)

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- የእንጨት ወይም የኤምዲኤፍ (ከተፈጨ እንጨት የተጨመቀ ጣውላ) ፍሬም፣ ለፎቶም ለመስታወትም ይሁን፣ ጠርዙ ግን ቢያንስ 3 ሳንቲሜትር ስፋት ይኑረው። ለመጀመሪያ ጊዜ ከሆነ 20 በ25 ሳንቲሜትር አካባቢ ይበቃችኋል፣ ትልቅ ፍሬም የሚበላው ጌጥ ብዛት አያልቅም
- ከ3 እስከ 5 ትላልቅ ጌጦች (ብሮሽ፣ ትልቅ ጉትቻ፣ የሀብል መሃል)፣ ከ10 እስከ 15 መካከለኛ፣ እና ሁለት እፍኝ ዶቃ፣ ሉል፣ ቁርጥራጭ ሰንሰለት
- ብርጭቆ ወረቀት፣ 120 እና 220 ቁጥር
- አክሪሊክ ቀለም፣ ክሬም ወይም ነጣ ያለ ግራጫ፣ እና ትንሽ ጥቁር ቡናማ
- ሁለት ቱቦ ያለው ኤፖክሲ፣ ማለትም ሁለቱ ተቀላቅለው የሚደርቁ ጠንካራ ማጣበቂያ (የ5 ደቂቃው)
- ግልጽ የጌጣጌጥ ማጣበቂያ፣ ለምሳሌ ኢ6000 ዓይነት
- የእንጨት ኮላ፣ ለዳንቴል ብቻ
- አልኮል፣ ጥጥ፣ ለስላሳ ሳሙና፣ አሮጌ የጥርስ ብሩሽ
- የሽቦ መቁረጫ ፒንሳ፣ ወረንጦ፣ ስቴኪኒ
- የዓይን መከላከያ መነጽር፣ ጓንት፣ የአፍ ማስክ
- ፎጣ የተነጠፈበት ትሪ። ፎጣውን አትናቁት፣ ዶቃ ባዶ ጠረጴዛ ላይ ከተፈታ ማታ ሶፋ ስር በባትሪ ስትፈልጉ ነው የምታመሹት

ደረጃ 1፦ ከመለጠፋችሁ በፊት እውነተኛውን ለዩ

ይሄን የሚዘል ሰው ብዙ ነው፣ በኋላ የሚቆጨውም እሱ ነው፣ ምክንያቱም ኤፖክሲ የያዘውን ጌጥ ሳይጎዱ ማስለቀቅ በጣም ከባድ ነው። የመቆለፊያውን አካባቢ፣ የቀለበቱን ውስጥ፣ የብሮሹን ጀርባ በማጉያ መነጽር (ወይ በስልካችሁ ካሜራ ዙም አድርጋችሁ) እዩ። 925 ካለ ብር ነው፣ 585 የ14 ካራት ወርቅ ነው፣ 750 ደግሞ የ18 ካራት። ማግኔትም አስጠጉ፣ አካሉ ከተሳበ ወርቅም ብርም አይደለም። መቆለፊያው ብቻ ቢሳብ ግን አትቸኩሉ፣ እውነተኛ ወርቅም ቢሆን መቆለፊያው ውስጥ ትንሽ የብረት ስፕሪንግ ሊኖረው ይችላል። ካልተሳበ ደግሞ ወርቅ ነው ማለት አይደለም፣ ነሃስም አይሳብም።

ሉል ከሆነ ሁለቱን እርስ በርስ ቀስ አድርጋችሁ አሹ። እውነተኛው ሉል እንደ ደቃቅ አሸዋ ሻከር ይላል፣ አርቴፊሻሉ ሸርተት ይላል።

የእናታችሁ ወይም የአያታችሁ ማስታወሻ የሆነ ብሮሽ ካለ በጭራሽ አትለጥፉት። ለሱ ሌላ መንገድ አለ፦ የፍሬሙን መሃል በካርቶን ሙሉት፣ ካርቶኑን በከፈይ ወይም በወፍራም ጨርቅ ሸፍኑት፣ ብሮሹን በራሱ መርፌ ጨርቁ ላይ ሰኩት። በፈለጋችሁ ቀን ነቅላችሁ ታደርጉታላችሁ።

ደረጃ 2፦ ማጽዳት

ተራ ብረት፣ ብርጭቆና ፕላስቲክ ዶቃ ለብ ባለ ውሃና በትንሽ ሳሙና በጥርስ ብሩሽ ታሽቶ ይታጠብ፣ ከዛ ፎጣ ላይ ሙሉ በሙሉ ይድረቅ። የሚያብለጨልጭ ፈርጥ ያለበትን ግን ውሃ ውስጥ አትዘፍዝፉ። የብዙዎቹ ፈርጦች ጀርባ እንደ መስታወት በስሱ የተቀባ ነው፣ ብልጭታው ከዛ ነው የሚመጣው፣ ውሃ ከገባበት ቅቡ ይጠቁርና ድንጋዩ የሞተ ይመስላል፣ አይመለስም። ለነሱ እርጥብ (የሚንጠባጠብ ያልሆነ) ጥጥ ብቻ ተጠቀሙ። ሉልም እንደዛው፣ በእርጥብ ጨርቅ ጥረጉት።

አረንጓዴ ዝገት የያዘ ካለ ጓንት አድርጉና ጥጥ ኮምጣጤ ነክራችሁ እሱን ቦታ ብቻ አሹት፣ ቀጥሎ በውሃ ጥረጉ፣ አድርቁ። ሉል ባለበት ጌጥ ላይ ግን ኮምጣጤ አይነካም፣ አሲድ እውነተኛ ሉልን ይበላዋል።

በመጨረሻ ማጣበቂያ የሚነካውን ጀርባ በሙሉ በአልኮል ጥረጉ። ጌጥ ለዓመታት የቆዳ ቅባት፣ ሎሽን፣ ሽቶ ሲጠጣ የኖረ ነገር ነው፣ ዓይናችሁ ባያየውም ቅባቱ አለ። ከዚህ በኋላ ጀርባውን በጣት አትንኩ፣ በወረንጦ ወይ በጠርዙ ያዙት።

ደረጃ 3፦ ጀርባውን ማስተካከል

እዚህ ጋ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ከረገፉት ግማሹ እዚህ ነው የሚረግፈው።

የጉትቻውን እንጨት (ጆሮ ውስጥ የሚገባውን) እና የብሮሹን መርፌ በፒንሳ ቁረጡ። ስትቆርጡ መነጽር አድርጉ፣ የሚቆረጠውን ጫፍ በሌላኛው እጃችሁ ጣት ወይም በጨርቅ ሸፍኑት፣ አለዚያ እንደ ጥይት ነው የሚፈናጠረው። የብሮሽ መርፌ ብዙ ጊዜ ጠንካራ ስቲል ስለሆነ ስስ ፒንሳችሁን ጥርሱን ያጎድለዋል፣ ጠንከር ያለውን ተጠቀሙ ወይም መርፌውን እዛው መታጠፊያው ላይ ወዲያ ወዲህ እያላችሁ ስበሩት።

ከዛ ገልብጣችሁ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጡትና ከጎን እዩት። ጠረጴዛውን የሚነካው የቱ ጋ ነው? ብዙ ብሮሽ ከጀርባው እንደ ድስት ክዳን ጎድጓዳ ነው፣ የሚነካው ዙሪያው ያለው ስስ ከንፈር ብቻ ነው፣ እና ሰው መሃሉ ላይ ማጣበቂያ ጠብ አድርጎ ይጭነዋል፣ ማጣበቂያው ግን እንጨቱ ጋ አይደርስም። ጎድጓዳውን በኤፖክሲ ፑቲ (እንደ ሊጥ በእጅ ታሽቶ የሚደርቅ ኤፖክሲ) ሙሉት፣ ከሌላችሁ በልኩ የተቆረጠ ወፍራም ካርቶን በኤፖክሲ ለጥፉበትና ከጠርዙ ጋር እኩል አድርጉት። ሲደርቅ ሰፊ ጠፍጣፋ ጀርባ አገኛችሁ ማለት ነው፣ የሚይዘውም ያ ስፋት ነው።

ለስላሳና አንጸባራቂ የሆነ ጀርባ በ120 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት ሁለት ሶስት ጊዜ ጫር ጫር ይደረግ፣ ማጣበቂያው የሚጨብጠው ነገር ያገኛል። ስትፍቁ ማስክ አድርጉና በውሃ አርጥባችሁ ፍቁ፣ የድሮ ርካሽ ጌጣጌጥ ውስጥ እርሳስ (ሊድ) እና ካድሚየም የሚባል ብረት ሊኖር ይችላል፣ አቧራው ወደ ሳንባ መግባት የለበትም።

ደረጃ 4፦ ፍሬሙን ማዘጋጀት

1. መስታወቱንና ጀርባውን አውጡ።
2. የቆየውን አንጸባራቂ ቀለም በ120፣ ቀጥሎ በ220 ፍቁና አቧራውን በእርጥብ ጨርቅ አንሱ። ማብረቁ ጠፍቶ ሙትት ሲል ይበቃል።
3. ክሬሙን ቀለም ሁለት ዙር ስስ አድርጋችሁ ቀቡ። አንዴ ወፍራም ከተቀባ ላዩ ደርቆ ውስጡ እርጥብ ይቀራል፣ በኋላ እንደ ቆዳ ተልጦ የሚነሳው እሱ ነው።
4. ሲደርቅ ጥቁር ቡናማውን በብዙ ውሃ አቅጥኑት፣ በብሩሽ ጠርዝና ማዕዘን ላይ ቀቡና አንድ ደቂቃ ሳይሞላው በጨርቅ ጥረጉት። ቀዳዳና ስንጥቅ ውስጥ የቀረው ቡናማ ነው የዘመን መልክ የሚሰጠው።
5. ትላልቆቹ የሚቀመጡበትን ቦታ (ከደረጃ 5 በኋላ) ቀለሙን እስከ እንጨቱ ድረስ ፍቃችሁ አንሱት። ጌጡ ስለሚሸፍነው አይታይም። ከባዱ ነገር እንጨቱን ራሱን ይያዝ እንጂ ቀለም ላይ አይንጠልጠል።

ዳንቴል ከስር ማድረግ የምትፈልጉ ከሆነ (እኔ በጣም እወደዋለሁ፣ ሉሉን ያሞቀዋል) አዲስ ነጭ ዳንቴል ጥቁር ሻይ በደንብ አፍልታችሁ ከ15 እስከ 30 ደቂቃ ዘፍዝፉት፣ በቀዝቃዛ ውሃ አለቅልቁና አድርቁት። ያረጀ የመሰለ ለስላሳ ቢጫ ይሆናል። የሚሰራው ግን ለጥጥ ነው፣ ፖሊስተር ሻዩን አይጠጣም፣ ሰዓት ሙሉ ብታቆዩትም ነጭ ሆኖ ነው የሚወጣው። በእንጨት ኮላ ስስ አድርጋችሁ ለጥፉት፣ ከባድ ጌጥ የሚያርፍበት ጋ ግን ዳንቴሉን ቀዳችሁ አንሱ።

ደረጃ 5፦ ያለ ማጣበቂያ ደርድሩ

ሁለተኛው የማይቀር ጥያቄ «ለምንድነው የኔ የተዝረከረከ የሚመስለው?» ነው። ያላችሁን ሁሉ ስላደረጋችሁበት ነዋ።

ቀለሙን ሶስት ላይ ገድቡ። ለምሳሌ የሉል ነጭ፣ የደበዘዘ ወርቅ፣ እና አንድ ሌላ (ፈዘዝ ያለ ሮዝ ወይም የአመድ ሰማያዊ)። ደማቅ ቀይና ደማቅ አረንጓዴ ዶቃ አንድ ላይ ከገባ ዓይን ሌላውን ትቶ እሱ ላይ ነው የሚሄደው፣ ለሌላ ቀን አስቀምጡት።

አቀማመጡ እንዲህ ይሁን፦ ከታች በኩል አንዱን ማዕዘን ምረጡ፣ ትልቁን ጌጥ እዛ አድርጉ፣ ሁለቱን ተከታዮች ከግራና ቀኙ፣ ከዛ መካከለኞቹ እየቀነሱ እየቀነሱ በሁለቱም ጠርዝ ይውጡ፣ እንደ ጨረቃ ቅርጽ። ተቃራኒው የላይኛው ማዕዘን ላይ አንድ ትንሽ ስብስብ ብቻ። የቀረው ፍሬም ባዶ ይሁን። ከታች የምላችሁ ለመልክ ብቻ አይደለም፣ ጠረጴዛ ላይ የሚቆም ፍሬም ክብደቱ ላይኛው ጫፍ ከሆነ ወደፊት ይደፋል።

ግጥም አድርጋችሁ አትደርድሩ፣ አንዱ ሌላውን ትንሽ ይደርበው፣ አንድ የሰንሰለት ቁራጭ ከስር ገብቶ ትንሽ ይንጠልጠል። ሲያምራችሁ በስልክ ከላይ ፎቶ አንሱት። ማጣበቅ ስትጀምሩ ሁሉንም ነው የምታነሱት፣ ያለ ፎቶ ደግማችሁ አታገኙትም፣ እኔ ከአንድም ሁለት ጊዜ «አልረሳውም» ብዬ ረስቼዋለሁ። ሌላም ጥቅም አለው፣ ፎቶው ላይ የተጨናነቀው ቦታ ከዓይን ይልቅ ቶሎ ይታያል።

ደረጃ 6፦ ማጣበቅ

መስኮት ክፈቱ። ፍሬሙ ጠፍጣፋ ነገር ላይ ይተኛ።

ለከባድና ለብረት ኤፖክሲ፣ ለመካከለኛ፣ ለፈርጥና ለሉል ግልጹ ማጣበቂያ። ኤፖክሲው ከሁለቱም ቱቦ እኩል እኩል ይወጣና በስቴኪኒ አንድ ደቂቃ ሙሉ ይቀላቀላል። እኩል ካልሆነ ወይም በደንብ ካልተቀላቀለ ለዘላለም እንደ ማስቲካ ይቀራል። የ5 ደቂቃ የሚባለው እጃችሁ ላይ የሚቆየው ያን ያህል ነው ለማለት ነው፣ ስለዚህ በአንዴ ለሁለት ሶስት ጌጥ የሚሆን፣ የሽምብራ ፍሬ የምታክል ብቻ ቀላቅሉ።

ቅደም ተከተሉ፦

1. ፎቶውን አጠገባችሁ አድርጉ።
2. ከስር የሚገቡትን ሰንሰለቶች መጀመሪያ ለጥፉ።
3. ትላልቆቹን አንድ በአንድ፣ ጀርባቸው ላይ በስሱ ማጣበቂያ ቀብታችሁ አስቀምጡና ለ1 ደቂቃ ያዙ። ሊንሸራተት ከፈለገ በማስኪንግ ቴፕ እሰሩት።
4. አንድ ሰዓት ጠብቁ። ሳትጠብቁ መካከለኞቹን ስትጭኑ ትላልቆቹን ትገፏቸዋላችሁ።
5. መካከለኞቹን አስገቡ።
6. ዶቃና ሉል ክፍተት መሙያ ነው፣ ማጣበቂያውን ክፍተቱ ውስጥ በስቴኪኒ ነካ አድርጋችሁ ዶቃውን በወረንጦ ጣሉበት። የዶቃው ቀዳዳ ወደ ጎን ይዙር፣ ወደ ላይ ካየ ፍሬሙ በነጥብ ነጥብ የተሞላ ይመስላል።
7. ተርፎ የወጣ ማጣበቂያ ካለ ከመድረቁ በፊት በስቴኪኒ አንሱት።

ከዛ 24 ሰዓት ሳይነካ ይተኛ፣ ኢ6000 ዓይነቱ ከሆነ እስከ 72 ሰዓት። ላዩ ስለደረቀ ደርቋል ማለት አይደለም፣ ከብረት ስር ያለው አየር ስለማያገኝ ይዘገያል።

ሱፐር ግሉና ግሉ ገን ለምን አይሆንም?

ሱፐር ግሉ ሲደርቅ የሚለቀው እንፋሎት አንጸባራቂ ነገር ላይ ነጭ ጭጋግ ያስቀምጣል፣ ፈርጡ የተነፈሰበት መስታወት ይመስላል፣ ደግሞ ሲደርቅ ደረቅና ተሰባሪ ነው፣ በር ዘጋ ሲል ይላቀቃል። ግሉ ገን ለጨርቅና ለካርቶን ጥሩ ነው፣ ለስላሳ ብረትና ብርጭቆ ላይ ግን ብረቱ ቶሎ ስለሚያቀዘቅዘው ሳይጨብጥ ይረጋል፣ ጸሀይ ሲመታው ደግሞ ይላላል። ቸኩላችሁ ከሆነ ትልቁን ለጊዜው ለመያዝ ከጎኑ አንድ ጠብታ ግሉ ገን፣ መሃሉ ላይ ኤፖክሲ አድርጉ፣ ይሄ ይሰራል።

ደረጃ 7፦ አዲስ የሚመስለውን ማደብዘዝ

በጣም የሚያብረቀርቅ ቢጫ ብረት ከድሮዎቹ መሃል ይጮሃል። ያንኑ የቀጠነ ቡናማ ቀለም በትንሽ ብሩሽ ቅርጻቅርጹ ውስጥ አስገቡና ላዩን ጥረጉት። መጀመሪያ በማትፈልጉት ቁራጭ ላይ ሞክሩት፣ ሉልና ፈርጥ ላይ አታስነኩ። ቨርኒሽ እንዳትረጩበት፣ ብልጭታውን ይገድለዋል።

ደረጃ 8፦ መስቀል

ከበፊቱ አሁን በጣም ይከብዳል፣ የበፊቱን ትንሽ መስቀያ አትመኑ። ከጀርባ ሁለት መያዣ በብሎን አስራችሁ ግድግዳው ላይ ሁለት ሚስማር ላይ ስቀሉት፣ ወደ አንድ ጎን የከበደ ፍሬም በአንድ ሚስማር ቀጥ ብሎ አይቆምም። ሻወር ቤትና ቀጥታ ጸሀይ የሚያገኘው ግድግዳ ላይ አይሁን፣ እርጥበት ያዝገዋል፣ ጸሀይ የፕላስቲክ ሉልን ቢጫ ያደርገዋል። አቧራውን በለስላሳ የሜካፕ ብሩሽ አራግፉት።

ዶቃ ከተረፋችሁ፦ ለአባጁር ዘርፍ

ይሄ አጭር ነው ግን ትዕግስት ይፈልጋል። የአባጁሩን የታች ዙሪያ ለኩ። ዙሪያው 60 ሳንቲሜትር ከሆነና በየሳንቲሜትሩ አንድ 5 ሳንቲሜትር የሚወርድ ዘለላ ካደረጋችሁ 60 ዘለላ ነው፣ 5 ሚሊሜትር ዶቃ ከሆነ ለአንዱ 10 ይገባል፣ በጠቅላላው 600 ዶቃ። መጀመሪያ ቁጠሩት፣ ግማሽ ላይ ማለቁ ያናድዳል።

የድሮውን ክር አትመኑት፣ ሁሉንም በአዲስ የናይለን ክር ሰኩ። አባጁሩ ላይ ቀጥታ ከመስፋት ይልቅ ሪባን ላይ ስፉ። መርፌው በሪባኑ ወጥቶ 9 ዶቃ ይሰበስባል፣ መጨረሻ ላይ አንድ ትንሽ ዶቃ ይጨምርና እሷን ትቶ በ9ኙ ተመልሶ ይወጣል፣ ትንሿ ዶቃ ማቆሚያ ናት። በየ5 ዘለላው ቋጥራችሁ ቁረጡ፣ አንድ ክር ቢበጠስ 600ው ሳይሆን 50ው ብቻ ነው የሚፈስ። ሲያልቅ ሪባኑን አባጁሩ ላይ ስፉት። አምፖሉ ኤልኢዲ ይሁን፣ የድሮው አምፖል ሙቀቱ ክሩንም ፕላስቲኩንም ይጎዳል።

ማስጠንቀቂያ

- ህጻን እጁ የሚደርስበት ቦታ አታስቀምጡ። ዶቃ ጉሮሮ ያንቃል፣ የድሮ ጌጥ ደግሞ ሊድ ሊኖረው ስለሚችል አፍ ውስጥ መግባት የለበትም። ስትጨርሱ እጃችሁን ታጠቡ።
- የድሮ ጌጥ አታቅልጡ፣ በእሳትም አትሞክሩ።
- በዶቃ የተጠቀለለ ብርጭቆ ውስጥ እውነተኛ ሻማ አይገባም፣ የባትሪ ሻማ አድርጉ።
- ኤፖክሲ ቆዳ ላይ ሽፍታ ሊያወጣ ይችላል፣ ጓንት ሳታደርጉ አትቀላቅሉ።

ብዙ የማያቸው ስህተቶች

- ማጣበቂያ ማብዛት። ሲጨመቅ በጎን ይወጣና ሉሉን ያቆሽሻል፣ በዛ ላይ ወፍራም ንብርብር ቶሎ አይደርቅም።
- መስታወቱን ሳያወጡ መስራት። ጠብታ ወርዶበት ሲፋቅ ይጫራል።
- ጌጡን ከፍሬሙ የውስጥ ጠርዝ ማሳለፍ። ፎቶውን ይሸፍናል፣ መስታወቱን ስትወለውሉም ጨርቁ እየያዘው ይነቅለዋል። ከውስጥ ጠርዙ 3 ሚሊሜትር ያህል ራቁ።
- የረገፈውን በአሮጌው ማጣበቂያ ላይ ደግሞ መለጠፍ። መጀመሪያ አሮጌውን ከሁለቱም በኩል ፍቃችሁ አንሱ፣ በአልኮል ጥረጉ፣ ከዛ ነው አዲሱ የሚቀባው።